አያ ደምለውና የከተራ ስለታቸው

አያ ደምለው መሞታቸውን የነገረኝ ባጃጅ ነጂ ነው። ሩዝ ሊያስፈለፍል ወደምሠራበት መፈልፈያ መጥቶ፣ ጆንያውን እንኳ ሳያወርድ፣ «እንዴ! አንቺ ለቅሶ አልሄድሽም?» አለኝ።

«የማን ለቅሶ?»

«የጠጋኙ ነዋ! የአያ ደምለው። ትናንት ተቀበሩ እኮ።»

ሚዛን ላይ የነበረውን ጆንያ ስንት ጊዜ አንስቼ ስንት ጊዜ እንደመለስሁት አላውቅም። ወረታ ማለት መናኸሪያው ላይ አንዱን ቢያስነጥሰው ከደብረ ታቦር መገንጠያ «ይማርህ» የሚባልባት ከተማ ናት። በዚች ከተማ የአያ ደምለውን ሞት ከሰው ሁሉ ኋላ የሰማሁ እኔ ሆንሁ። ይበለኝ! ለምን ይበለኝ እንደምል እደርስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ እሳቸው ላውራ።

አያ ደምለው ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። የሥራ ቦታቸው ከደብረ ታቦር መገንጠያ አለፍ ብሎ በሁለት አጣና ላይ የተወጠረች ሸራ ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ ሰው። የሱሪያቸውን ጫፍ ካቴናው እንዳይበላው በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቅዳጅ ያስሩታል፤ ቅዳሴ ሲሄዱ እንኳ መፍታቱን ይረሱትና ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ እግራቸው በጎማ ታስሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ። ደንበኛ ሲመጣ ከሰውየው በፊት ብስክሌቱን ነው ሰላም የሚሉት። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉና «ይቺስ ርቧታል» ወይም «ይቺ ደህና አድራለች» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብለው «አንተስ እንዴት አደርህ?» የሚሉት። ሥራቸው ቀርፋፋ ነው። ሰው ሲያጣድፋቸው «ቀስ ነው፣ ቀስ ነው» ይላሉ፤ ያጣደፈው ሰው ራሱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጀምርላቸዋል።

እኔ በደንብ ያወቅኋቸው በጎንደሩ ጉዞ ምክንያት ነው። መምህር አስናቀ የሚባሉ የስፖርት አስተማሪ የወረታን ብስክሌተኞች ሰብስበው ማኅበር አቋቁመው ነበር። በጥምቀት ዋዜማ፣ በከተራ ዕለት፣ ከወረታ ተነስተን ጎንደር ድረስ በአንድ ቀን እንነዳለን። ፊት ፊት መምህሩ፣ መሐል እኛ፣ ከዚያም ውሃና ቂጣ፣ ሙዝና ሎሚ፣ ካላማዳሪና ማስቲሽ የጫነች አጃቢ ፒካፕ። የደከመው ብስክሌቱን ከኋላ ጭኖ ይሳፈራል። ማንም አያፍርበትም፣ ማንም አይስቅበትም። መኪናዋ ላይ መውጣት የማይችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አያ ደምለው።

ስለት ነበረባቸው። ይህን ወረታ ሁሉ ያውቀዋል። ልጃቸው ውዴ በአራት ዓመቷ ትኩሳት ጥሏት ከረመና ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ አላት። ሐኪም ቤቱም ጠበሉም ተሞከረ፤ ልጅቱ ዓመት ሙሉ በዳዴ ሄደች። አያ ደምለው ግራ ቢገባቸው፣ «ልጄ ቆማ ከሄደችልኝ፣ በገዛ ብስክሌቴ፣ መኪና ሳልሳፈር፣ ለከተራ ጎንደር ገብቼ ታቦት እቀበላለሁ» ብለው ተሳሉ። ውዴ ቆማ ሄደች። አንድ እግሯን ትንሽ ሳብ ታደርጋለች እንጂ ይኸው ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ስለቱ ግን ሳይገባ ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻቸውን ሞክረው ከአዲስ ዘመን በላይ ካለው ዳገት ጉልበታቸው ከድቷቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ኑሮው ነው፣ ሥራው ነው፣ ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። ማኅበሩ ሲቋቋም «አሁን ገና አምላክ መንገድ ከፈተልኝ» ብለው ከሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ።

በመጀመሪያው ዓመት ማክሰኝት ደረሱ አሉ፣ በደህና። እዚያ ላይ የአንድ ፀጉር አስተካካይ ብስክሌት የኋላ እግሩ ጉድጓድ ገብቶ ተጣመመ። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። አያ ደምለው ምንም ሳይሉ የራሳቸውን ብስክሌት የኋላ እግር ፈትተው ገጠሙለትና ፒካፗ ላይ ወጡ። የነፍስ አባታቸው ይህን ሰምተው አዝነው፣ «ደምለው፣ ሐሳብህን አይቶልሃል፤ እኔ ልፍታህ» ቢሏቸው፣ «አባ፣ የተሳልሁት ለእርስዎ አይደለም እኮ» አሏቸው። ቄሱም ስቀው ተዉአቸው።

እኔ የገባሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ወንድሜ ባሕር ዳር ሲሄድ ብስክሌቱን ትቶልኝ ነበር። እናቴ «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ተፈናጣ ጎንደር! ጉድ ነው!» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። መምህር አስናቀ «መጀመሪያ አያ ደምለው ብስክሌትሽን ይዩልሽ» ስላሉኝ ወሰድሁላቸው። እንደ ልማዳቸው ጎማውን ጫን ጫን አደረጉና፣

«በስንተኛው ማርሽ ነው የምትነጂው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፤ በዚሁ በተገኘው።»

ሳቃቸው መጣ። «የፎገራ ልጅ! ሜዳው አሞኝቶሻል!»

እውነታቸውን ነው። የእኛ አገር ሰው ዳገት የሚያውቀው ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ደጋ ሲወጣ ነው። ከወረታ እስከ ርብ ድልድይ፣ ከዚያም እስከ ይፋግ ድረስ መሬቱ እንደ ገበታ የተዘረጋ ስለሆነ ማርሽ የሚቀይር የለም። የኔም የዳገቱ ማርሽ ዝጎ ከነጭራሹ አልንቀሳቀስ ብሏል። በናፍጣ ዘፍዝፈው ሁለት ቀን አሳደሩት። «የወረታ ብስክሌት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ትልቁ ጥርስ ያብረቀርቃል፣ ትንሹ ድንግል ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር፣ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ ዓለም በር ዳገት ይዘውኝ እየወጡ አስለመዱኝ። ዳገቱ ሲበረታብኝ አያበረታቱኝም፤ ወሬ ነው የሚያመጡ። «እስኪ የእናትሽን ላሞች ስም ጥሪልኝ» ይላሉ። ቡሬ፣ ሻሽ፣ ዳልቻ... ትንፋሼ እየተቆራረጠ እጠራለሁ። የእኛ ላሞች ካለቁ «የጎረቤትስ?» ይላሉ። የጎረቤት ከብት ሳያልቅ ዳገቱ ያልቃል።

አንድ ቀን ከዳገቱ አናት ተቀምጠን፣ ታች ሜዳው ሩዝ ታጭዶበት ጓያ አረንጓዴ እያለበት፣ ደፍሬ ተናገርሁ።

«አያ፣ ዘንድሮ እንኳ ኋላ ኋላ መሄዱን ለሌላ ሰው ይስጡትና ቀድመው ይግቡ እንጂ። ስለትዎ ይግባ!»

የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ከኋላቸው አንድም ሰው እንዳይቀር ራሳቸው ጠይቀው የወሰዱት ሥራ ነው።

«ለማን ልስጠው?»

«መኪናዋ አለች አይደል? ግዛቸው ይነዳል፣ የደከመ ሲያይ ይጭናል።»

«መኪና ሰው ያነሳል እንጂ ሰው አያይም፣ ልጄ። የደከመ ሰው ደክሞኛል አይልም እኮ፤ ዝም ነው የሚል። እሱን ከኋላው ሆኖ የሚሰማ ሰው ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያው ዘንድሮም አይገቡም!» አልኋቸው፣ ተናድጄ።

«ዘንድሮስ እገባለሁ» አሉ። «ዘንድሮ ሁላችሁንም አስለምጃችኋለሁ። ማን ይወድቅብኛል?»

ይቺን ቃል ሳስታውስ እስከ ዛሬ ውስጤ ይቃጠላል።

አሁን የኔን ጉድ ልናገር። የጥምቀት ዋዜማ ጋድ ነው፤ በእኛ ቤት ከጥንት ጀምሮ በጋድ ውሃ እንኳ ሳይቀመስ ነው የሚዋል። መምህር አስናቀ ይህን ስለሚያውቁ በጉዞው ዋዜማ ቄስ አምጥተው አስመከሩን። ቄሱም «ልጆቼ፣ መንገደኛ ናችሁ፤ ውሃ ጠጡ፣ ቂጣ ቅመሱ፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አሉን። ሁሉም እሺ አለ። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። እናቴ «ብስክሌት ላይ የወጣች ደግሞ ጋድ ሳትገድፍ ትቀራለች?» ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ጾሜ እገባለሁ፣ አሳያታለሁ አልሁ። ለማንም ሳልናገር።

ሳይነጋ ተነሳን። አሥራ አራት ነበርን። በርብ ድልድይ ስናልፍ ከወንዙ ጉም ይነሳል፤ ከብቶች መንገዱን ተሻግረው ወደ ሣሩ ይወርዳሉ። አያ ደምለው ከኋላ ሆነው የመንገዱን ሰው ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ ሽንኩርት የሚያጠጣውን፣ ጓያ የምትጠብቀዋን፣ ከይፋግ ገበያ አህያ ይዞ የሚመለሰውን። «እንዴት አደራችሁ! ጎንደር ነን!» ይላሉ። ሰዉም «ይቅናችሁ! ለእኛም አደራ!» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ማለዳ የተደሰትሁበት ቀን የለም። ብችል ያችን ጠዋት ብቻ መልሼ ብኖራት፣ ጎንደሩ ይቅርብኝ።

ፒካፗ በቆመችበት ሁሉ ውሃ ይታደላል። እኔ ጠርሙሱን እቀበልና ዞር ብዬ ራሴ ላይ አፈሰዋለሁ፤ አፌን ተጉመጥምጬ እተፋለሁ። አያ ደምለው እስኪረኩ ጠጥተው አፋቸውን እየጠረጉ፣ «የተሳልሁት መግባት ነው እንጂ መጠማት አይደለም» ይላሉ። እንፍራንዝ ላይ ፊቴን ትኩር ብለው አይተው፣

«ጠጣሽ?» አሉኝ።

«ጠጣሁ» አልኋቸው።

«ሙዙንስ?»

«በላሁ አያ፣ ምን ነካዎት?»

ሙዙ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሳቸው የሰው ቃል የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ አመኑኝ።

ማክሰኝትን አለፍን። ጠዳን አለፍን። ሌሎቹ ፊት ገፍተው ከዓይን ጠፉ፤ እኔና አያ ደምለው ኋላ ቀረን፣ ፒካፗ ከእኛ ኋላ። ጎንደር ልትታይ ምን ቀራት! አያ ደምለው ደስታ አላስችል ብሏቸው ያንጎራጉራሉ። ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። የላሞች ስም ጠየቁኝ መሰለኝ፤ አንድም ስም አልመጣልኝም። ከዚያ የማስታውሰው ጉንጬ አስፋልቱ ዳር ካለው ጠጠር ላይ መሆኑንና «ልጄ! ልጄ!» የሚል ጩኸታቸውን ነው።

ውሃ ወደ አፌ አስጠጉ። እኔ ከንፈሬን ገጥሜ «ጋድ ነው» አልሁ።

አያ ደምለው ሲቆጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ማን ጹሚ አለሽ? ከጠዋት ጀምሮ? አንቺ ልጅ፣ ልትሞችብኝ ነው እኮ!»

ግዛቸው ከመኪናው ወርዶ አንስቶ የኋላ መቀመጫው ላይ አስተኛኝ። «አያ፣ እርስዎ ብስክሌትዎን ይንዱ። አዘዞ ጤና ጣቢያ እኔ አደርሳታለሁ። ስለትዎ እንዳይቀር፣ ይኸው ደርሰዋል» አላቸው።

«አንተ መሪ ስትይዝ እሷን ማን ይይዛታል?»

«እንደምንም...»

«ብትታፈንስ?»

በተከፈተው በር አያቸዋለሁ። ብስክሌታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ወደ ጎንደር አዩ። ወደ እኔ አዩ። «ይሂዱ» ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ብስክሌቷን አንስተው ፒካፗ ላይ ከተጫነችው ከእኔዋ ላይ አጋደሟት። የእሷ ብረት ከእኔዋ ብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ፣ ራሴን ጭናቸው ላይ አደረጉና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በክዳን በክዳን ያጠጡኝ ጀመር።

አዘዞ ስንደርስ ነርሷ አይታኝ «ውሃ ነው ያጣችው፣ ሌላ ምንም የለባትም» አለች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተነስቼ ቆምሁ። ያውም ያቺኑ የኪሴን ሙዝ እየበላሁ! ምነው ትንሽ በቆየሁና የምር ታምሜ በነበር እስክል አፈርሁ።

«አያ፣ እንመለስ» አልኋቸው። «ከተሳፈሩበት ቦታ ላይ ይውረዱና ከዚያ ይጀምሩት። ግዛቸው ምንም አይልም። ማን ያያል?»

«ስለት ጎማ መሰለሽ የሚለጠፍ?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ግን ወደ እኔ አላዩም። አላዩም! እኔ ያን ጊዜ ወደ እኔ ያላዩት ጠልተውኝ ነው ብዬ ደመደምሁ።

ጎንደር በመኪና ገባን። ታቦታቱ ሲወርዱ አያ ደምለው ከሕዝቡ ኋላ፣ ከአንድ አጥር ሥር ቆመው፣ ሱሪያቸው እንደታሰረ፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሰገዱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቀና ማለት አቃተኝ። ለመታየት ብዬ የጾምሁት ጾም የሰው ስለት በላ። ይኸው ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከጉዞው ስንመለስ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገ እሄዳለሁ አልሁ፤ ነገ። ከዚያ በሸራቸው ፊት ማለፍ አስፈራኝና በእህል ገበያው በኩል መዞር ጀመርሁ። ጎማዬ ሲተነፍስ መናኸሪያው ጋ ላለው ጠጋኝ ሰጠሁ። በሚቀጥለው ዓመት ያሳካሉ፣ ያን ጊዜ ፊታቸውን አያለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሚቀጥለው ዓመት ግን መንገዱ ለጉዞ የሚመች አልሆነም፤ ማኅበሩ ቀረ። በተከታዩም ዓመት ቀረ። አንድ ቅዳሜ መንገድ ማዶ ሆነው ሲያዩኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉልኝ። እኔ ያላየሁ መስዬ ፊቴን አዞርሁ። እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በዚያ ሁኔታ ነው፣ እጃቸውን እንዳነሱ።

ባጃጅ ነጂው ያረዳኝ ዕለት ሥራዬን ጥዬ ለቅሶ ቤት ሄድሁ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ መምህር አስናቀ፣ ግዛቸው፣ ያ ፀጉር አስተካካይ እንኳ አሁን ከሚኖርበት ከደብረ ታቦር መጥቷል። ውዴ ጥቁር ለብሳ ንፍሮ ታድላለች። ሰው ሲቀል ጓዳ ይዛኝ ገባች። አጠገቧ ተቀምጬ መቻል አቃተኝና ሁሉንም ነገርኋት። ጋዱን፣ ውሃውን፣ «ጠጣሁ» ማለቴን።

«የአባትሽን ስለት ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ውዴ። ሳይገባላቸው ሞቱ። በእኔ ነው።»

ውዴ ግራ ገብቷት አየችኝ። «አባዬ እኮ ከዚያ ወዲህ ስለት የሚባል ነገር አንስቶ አያውቅም» አለች። «እኔ ነኝ የጠየቅሁት፤ ‹አባዬ፣ ምነው ስለትህን ረሳኸው?› ብዬ። ‹ገብቷል› አለኝ። ‹በመኪና ሄደህ?› አልሁት። ‹አንቺ ተነስተሽ የሄድሽ ዕለት እኔ ይፋግ ገበያ ነበርሁ፤ አላየሁሽም፤ በሰው አፍ ነው የሰማሁት። ያን ዕለት ግን ልጅቱ እጄ ላይ ሞታ እጄ ላይ ተነሳች። አዘዞ ላይ ቆማ ስትሄድ ሳይ አንቺን ያየሁ መሰለኝ፤ እንባዬ መጥቶ እንዳታይብኝ ፊቴን አዞርሁባት። ለዚህ ነው ጎንደር የጠራኝ› አለኝ።»

ውዴ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች እንደመፍራት ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። አባዬ ታሞ ተኝቶ እንኳ አንቺን ያነሳ ነበር። ‹ያቺ የሩዝ ቤቷ ልጅ መምጣት ተወች፤ ምን አስቀይሜያት ይሆን? ስታገኚያት ጠይቂልኝ› ይለኝ ነበር። ምን አድርጎሽ ነው?»